ፈዝ ፔዳል ላይ ቶን ሲገጠም ለሚሰምጠው ድምፅ የቱ ይሻላል? የቢግ መፍ ቶን፣ የራት ፊልተር እና ኤልፒቢ-1 ሲገመገሙ

ቶን ያልነበረው ፈዝ ፔዳል (የጊታርን ድምፅ ሆን ብሎ የሚያሻክር፣ በእግር የሚረገጥ መሣሪያ) ላይ የቶን መቆጣጠሪያ ሲገጠም የሚመጣው ቅሬታ ሁሌ አንድ ነው። ማዞሪያው ይሠራል፣ ድምፁ ከወፍራም ወደ ቀጭን በደንብ ይለወጣል፤ ግን ቮልዩሙ እስከ መጨረሻው ተከፍቶም ፔዳሉ ሲበራ ከጠፋበት ጊዜ ያነሰ ይሰማል። የሚሰጠው ምክርም የተለመደ ነው፦ «መጨረሻው ላይ ቡስተር (ሲግናሉን የሚያጎላ ሰርኪት) ጨምርበት»። እዚህ የምንገመግማቸው ሦስቱ ሰርኪቶች ለዚህ ሥራ በብዛት የሚመረጡት ናቸው፤ የኤሌክትሮ-ሃርሞኒክስ ቢግ መፍ ቶን፣ የፕሮኮ ራት ፊልተር እና ለማካካሻ የሚገባው የኤሌክትሮ-ሃርሞኒክስ ኤልፒቢ-1 ቡስተር። የምንመዝናቸው በፈዝ ፌስ ዓይነት፣ ባለ ሁለት ትራንዚስተር ፔዳል ላይ ሲገጠሙ ምን ያህል ድምፅ እንደሚበሉና የበሉትን በምን መመለስ እንደሚቻል በማየት ነው። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ፔዳሉ ፈዝ ፌስ ከሆነ ቡስተሩ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። የጠፋው ድምፅ እዚያው ፔዳሉ ውስጥ አለ።

አርቢተር እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጣው ፈዝ ፌስ ከራሱ ድምፅ አብዛኛውን የሚጥል ሰርኪት ነው። ከሁለተኛው ትራንዚስተር ኮሌክተር (ከሦስቱ እግሮቹ፣ ከቤዝ፣ ከኤሚተርና ከኮሌክተር፣ የጎላው ሲግናል የሚወጣበት) ወደ 9 ቮልቱ የሚሄዱት ሁለት ሬዚስተሮች ናቸው፤ ከኮሌክተሩ በኩል 8.2 ኪሎ ኦም፣ ከባትሪው በኩል 470 ኦም። ሲግናሉ የሚወጣው ከኮሌክተሩ ላይ ሳይሆን ሁለቱ ሬዚስተሮች ከሚገናኙበት ነጥብ ነው። 470ን ለ8670 ብታካፍሉ 0.054 ይመጣል። ትራንዚስተሩ ከሚያወዛውዘው ቮልቴጅ ወደ መውጫው የሚደርሰው 5.4 በመቶው ብቻ ነው ማለት ነው። ኮሌክተሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ 8 ቮልት ቢወዛወዝ እንኳ ቮልዩሙ ጋ የሚደርሰው 0.43 ቮልት ገደማ ይሆናል። ቶን በሌለበት ይህ ይበቃል፤ ከጊታሩ ሲግናል ጥቂት ከፍ ይላልና። ነገር ግን ትርፉ ጠባብ ስለሆነ መንገዱ ላይ ግማሹን የሚወስድ ማንኛውም ነገር ፔዳሉን ከባይፓሱ (ፔዳሉ ጠፍቶ ጊታሩ በቀጥታ ሲያልፍ ከሚሰማው) በታች ያወርደዋል።

የቢግ መፍ ቶን የሚወስደው ደግሞ ከግማሽ በላይ ነው። በአንደኛው ቅርንጫፍ 39 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና ወደ ግራውንድ የሚወርድ 10 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር አሉ፤ ከ408 ኸርዝ በላይ ያለውን ይቀንሳሉ። በሁለተኛው 3.9 ናኖ ፋራድ ካፓሲተርና ወደ ግራውንድ የሚወርድ 22 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አሉ፤ ከ1855 ኸርዝ በታች ያለውን ይቀንሳሉ። 100 ኪሎ ኦም ሊኒየር ፖት (በእኩል መጠን የሚለወጥ ማዞሪያ ሬዚስተር) በሁለቱ መካከል ይገባል፣ ሲግናሉ ከመሐል እግሩ ይወጣል። የክፍሎቹ ዋጋ በየዘመኑ ዕትም ትንሽ ቢለያይም ሰዎች በብዛት የሚገጥሙት ይህን ነው። ማዞሪያው መሐል ላይ ሲቆም ወፍራሙ ድምፅ 7 ዴሲቤል፣ ቀጭኑ 6 ዴሲቤል ይወርዳል፤ 1 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ያለው ግን 14 ዴሲቤል ይወርዳል። 6 ዴሲቤል የቮልቴጁ ግማሽ ነው፤ 14 ዴሲቤል ሲወርድ የሚቀረው አንድ አምስተኛው ብቻ ነው። ጊታር ከከበሮና ከቤዝ ጊታር መሐል ተለይቶ የሚሰማው ደግሞ በዚሁ በተቆፈረው መካከለኛ ክልል ነው። ስለዚህ ብቻችሁን ስትጫወቱ «ትንሽ ቀነሰ» የሚባለው ፔዳል ከባንድ ጋር ሲሆን ጭራሽ ይጠፋል።

ይህ የሰርኪቱ ጥፋት አይደለም። በቢግ መፍ ውስጥ ከቶኑ በፊት ሦስት ትራንዚስተሮች አሉ፤ ከኋላው ደግሞ የወረደውን እንዲመልስ ብቻ የተቀመጠ አራተኛ ትራንዚስተር አለ። ሰዎች አራቱን ክፍሎችና ፖቱን ገልብጠው አራተኛውን ትራንዚስተር እዚያው ይተዉታል። እንደ ቶን ግን ለፈዝ ከዚህ የሚስማማ ማግኘት ይከብዳል፤ አንድ ማዞሪያ ከጨለማ ወደ ብርሃን ይወስዳል፣ በየትኛውም ጫፍ ላይ የሚጠቅም ድምፅ አለው። ስለዚህ መጣል ሳይሆን በአግባቡ መግጠም ነው።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ቦታው ነው። ብዙ ጊዜ ቶኑ የሚገባው ከቮልዩም ፖቱ በኋላ ነው፣ ምክንያቱም እዚያ ጋ ሽቦ ቆርጦ ማስገባት ይቀላል። የፈዝ ፌስ ቮልዩም 500 ኪሎ ኦም ነው፤ ማዞሪያው መሐል አካባቢ ሲሆን የመውጫው ኢምፒዳንስ (ለሲግናሉ የሚያሳየው ተቃውሞ) እስከ 125 ኪሎ ኦም ይደርሳል። 39 እና 22 ኪሎ ኦም ያሉበት ቶን ይህን ነጥብ በከባዱ ይጭነዋል፤ ማለትም ከሲግናሉ ብዙውን ይስብበታል። ድምፁ ይሰምጣል፤ ከዚያም በላይ ቮልዩሙን ባዞራችሁ ቁጥር ቶኑም አብሮ ይቀየራል። ቮልዩም ሲነካ የሚለወጥ ቶን ካጋጠማችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፣ ቦታው ተሳስቷል። ትክክለኛው ቦታ ከመውጫ ካፓሲተሩ በኋላና ከቮልዩሙ በፊት ነው። እዚያ ነጥብ ላይ የፈዝ ፌስ ኢምፒዳንስ ከ500 ኦም በታች ስለሆነ ቶኑን ያለ ምንም ችግር ይነዳል።

ቦታው ሲስተካከል ሁለት ክፍሎች አብረው መቀየር አለባቸው። አንደኛው 10 ናኖ ፋራድ የሆነው መውጫ ካፓሲተር ነው። 500 ኪሎ ኦም ሲያይ ከ32 ኸርዝ በታች ያለውን ነበር የሚቆርጠው፤ አሁን ግን የሚያየው 39፣ 100 እና 22 ኪሎ ኦም ተደምረው የሚሰጡትን 161 ኪሎ ኦም ነው፣ ስለዚህ መቁረጫው ወደ 100 ኸርዝ ይወጣል። የጊታር ዝቅተኛው ኖታ ሚ (E) 82 ኸርዝ ነው። 100 ናኖ ፋራድ ስታደርጉት ወፍራሙ ገመድ ይመለሳል። ሁለተኛው ቮልዩሙ ነው። የቶኑ መውጫ በወፍራም ድምፅ በኩል 40 ኪሎ ኦም ያህል ኢምፒዳንስ አለው። 100 ኪሎ ኦም ቮልዩም ከተከተለው ተጨማሪ 3 ዴሲቤል ይሄዳል፤ 500 ከሆነ የሚሄደው ከ1 ዴሲቤል ያነሰ ነው፣ ነገር ግን ቮልዩሙ ዝቅ ሲል ከረጅም ኬብል ጋር ቀጭኑን ድምፅ ያፍናል። 250 ኪሎ ኦም ሎግ ፖት (ጆሮ በሚሰማው ልክ የሚለወጥ) ጥሩ መካከለኛ ነው፤ የሚያስከፍለው 1.3 ዴሲቤል ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥገና እንሂድ። 470 ኦሙን አውጥታችሁ በቦታው 2.2 ኪሎ ኦም፣ 8.2 ኪሎ ኦሙን አውጥታችሁ በቦታው 6.8 ኪሎ ኦም አስገቡ። የሁለቱ ድምር ከ8.67 ወደ 9 ኪሎ ኦም ብቻ ስለሚሄድ የትራንዚስተሩ ባያስ (ሲግናል ሳይኖር የሚቆምበት ቮልቴጅ) እምብዛም አይነካም፤ የፈዙ ጠባይ ያው ነው። ወደ መውጫው የሚደርሰው ድርሻ ግን ከ5.4 በመቶ ወደ 24.4 በመቶ ያድጋል። ይህ አራት እጥፍ ተኩል፣ ማለትም 13 ዴሲቤል ነው። የቢግ መፍ ቶን ከወፍራሙና ከቀጭኑ ድምፅ የሚወስደውን እስከ 7 ዴሲቤል ሙሉ በሙሉ ይከፍላል፣ ለቮልዩሙም ትርፍ ይተርፋል። ሁለት ሬዚስተር ብቻ ነው የተቀየረው፤ አዲስ ትራንዚስተር የለም፣ አዲስ ጩኸት የለም። 470 ኦሙን ብቻ 1 ኪሎ ኦም አድርጎ ሌላውን መተው የሚመርጡ አሉ። እሱም 6 ዴሲቤል ይሰጣል፣ ለቢግ መፍ ቶን ግን አይበቃም።

ከለወጣችሁ በኋላ የሁለተኛውን ትራንዚስተር ኮሌክተር በመልቲሜትር ለኩ፤ 4.5 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። በ8.2 ኪሎ ኦሙ ቦታ ትሪመር (በካቻቪቴ የሚዞር ትንሽ ፖት) ያላቸው ቦርዶች አሉ፤ እነሱ ላይ 470 ኦሙን ብቻ በ2.2 ኪሎ ኦም ቀይራችሁ ኮሌክተሩ 4.5 ቮልት እስኪሆን ትሪመሩን መልሱ። ንባቡ ከ3 ቮልት በታች ወይም ከ6 በላይ ከሆነ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ኖታው ሲሞት ይፈነዳል፤ ይህ የቶን ችግር ስላልሆነ ቶኑን በመቀያየር አይፈታም።

ከዚያ በኋላም መሐሉ ከጎደለባችሁ መፍትሔው አንድ ካፓሲተር ነው። የ3.9 ናኖ ፋራዱን ቦታ ለ10 ናኖ ፋራድ ስጡት። የቀጭኑ ቅርንጫፍ መቁረጫ ከ1855 ወደ 723 ኸርዝ ይወርዳል፣ ሁለቱ ቅርንጫፎች ይቀራረባሉ፣ ጉድጓዱም ይሞላል። 1 ኪሎ ኸርዝ ላይ የነበረው 14 ዴሲቤል ቅነሳ ወደ 8 ገደማ ይመጣል። ከባንድ ጋር ለሚጫወት ሰው ይህ ለውጥ ከማንኛውም ቡስተር ይበልጣል፤ የጎደለው መጠን ሳይሆን መሐሉ ነበርና። የቢግ መፍን የተቆፈረ ድምፅ የሚወዱ 3.9ኙን ይተዉት፣ ወይም ሁለቱን በትንሽ ስዊች ያፈራርቋቸው።

የራት ፊልተር ከዚህ በጣም ይቀላል። 1.5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ተከታይ ሆኖ እንደ ተለዋዋጭ ሬዚስተር የተገጠመ 100 ኪሎ ኦም ፖት፣ ከዚያ ወደ ግራውንድ 3.3 ናኖ ፋራድ። መቁረጫው ከ32 ኪሎ ኸርዝ እስከ 475 ኸርዝ ይሄዳል፤ ቀጭኑን ይቀንሳል እንጂ የቀረውን አይነካም። «ድምፅ የማይበላ ቶን» የሚባለውም ለዚህ ነው። ይህ እውነት የሚሆነው ግን ራት ራሱ ውስጥ እንዳለው ከጀርባው ባፈር (ሳይጭን ሲግናሉን የሚያሳልፍ ሰርኪት) ሲኖር ብቻ ነው። እዚያ 2ኤን5458 ጄፌት (የትራንዚስተር ዓይነት) አለ፤ ፊልተሩ ምንም ጭነት አያይም። ባፈሩን ትታችሁ በቀጥታ ወደ 100 ኪሎ ኦም ቮልዩም ብታስገቡት ማዞሪያው ጥግ ሲደርስ 101.5 ኪሎ ኦም በ100 ኪሎ ኦም ይጫናል፤ ግማሹ ሄደ። ማዞሪያው ወደ ብርሃኑ ጫፍ ሲመለስ ድምፁ ይመለሳል፣ ወደ ጨለማው ሲሄድ ይሰምጣል። በዚህ ምልክቱ ይታወቃል።

ያለ ባፈር መግጠም የሚፈልግ ሰው ቁጥሮቹን ወደ ታች ያውርድ፦ ፖቱ 25 ኪሎ ኦም፣ ካፓሲተሩ 10 ናኖ ፋራድ ይሁን፣ 1.5 ኪሎ ኦሙ ይቆይ። መቁረጫው ከ10.6 ኪሎ ኸርዝ እስከ 600 ኸርዝ ይሆናል። ለፈዝ ይህ ይበቃል፤ ፈዝ ከ10 ኪሎ ኸርዝ በላይ የሚሰጠው ጭረት ብቻ ነውና። 250 ኪሎ ኦም ቮልዩም ከተከተለው የሚጠፋው ቢበዛ 0.9 ዴሲቤል ነው። ሲሊከን ፈዝ ፌስ ያለውና የሚፈልገው ሹል ድምፁን ማለዘብ ብቻ የሆነ ሰው ሌላ አይፈልግ፤ ከሦስቱ ለእሱ የሚሆነው ይህ ነው። አንድ ነገር ግን ይወቅ፦ ጆሮ በይበልጥ የሚነቃው ከ2 እስከ 5 ኪሎ ኸርዝ ባለው ክልል ነው። ይህ ክልል ሲቆረጥ መለኪያው ብዙም ቅናሽ ባያሳይም ድምፁ የቀነሰ ይመስላል። እሱን በቮልዩም ማዞሪያው እንጂ በሰርኪት ለውጥ አታባርሩት።

ኤልፒቢ-1 በራሱ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ በዚህ ሥራ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ያለ ቦታው ይገባል። አንድ ትራንዚስተር፣ በቤዙ ላይ 430 እና 43 ኪሎ ኦም፣ ኮሌክተሩ ላይ 10 ኪሎ ኦም፣ ኤሚተሩ ላይ 390 ኦም። ማጉላቱ 25 እጥፍ ገደማ፣ ወደ 28 ዴሲቤል ነው። እኛ የሚያስፈልገን 12 ያህል ብቻ ነው። ትርፉ ወደ ጩኸትና ወደ ሹክሹክታ ይሄዳል፣ የፈዙን ሞገድ ቅርፅም ጫፉን እንደገና በመቁረጥ ይለውጠዋል። ከዚህ የባሰው መግቢያው ነው፤ 430 እና 43 ኪሎ ኦም በትይዩ ሲታዩ 39 ኪሎ ኦም ናቸው፣ ትራንዚስተሩ ሲጨመር ከዚያም ይወርዳል። 40 ኪሎ ኦም ኢምፒዳንስ ካለው የቢግ መፍ ቶን ጀርባ ሲቆም ገና ሳያጎላ ግማሹን ይጥላል፣ ከዚያ የጣለውን ያጎላል፣ ከጎላው ጋር የቶኑን ሚዛንም ያዛባዋል። እንደ ተለየ ፔዳል ከፈዙ በኋላ ከተቀመጠ የተሻለ ነው፤ ሆኖም ፈዙ ሲጠፋ ቡስተሩ በርቶ ስለሚቀር ንጹሑ ጊታር ይጮኻል። ሁለቱን ስዊች አንድ ላይ መርገጥ ደግሞ ማንም አይፈልግም።

ፔዳሉ ፈዝ ፌስ ካልሆነና ሲግናሉ ቀድሞም ከኮሌክተሩ በቀጥታ የሚወጣ ከሆነ የሬዚስተሩ ዘዴ አይሠራም፤ የተጣለ ነገር የለምና። እዚያ ማካካሻ ግድ ነው። የመጀመሪያው ምርጫ የቢግ መፍ የራሱ አራተኛ ትራንዚስተር ነው፦ ከቤዝ ወደ 9 ቮልት 390 ኪሎ ኦም፣ ከቤዝ ወደ ግራውንድ 100 ኪሎ ኦም፣ ኮሌክተር ላይ 10 ኪሎ ኦም፣ ኤሚተር ላይ 2.7 ኪሎ ኦም፣ በመግቢያና በመውጫ 100 ናኖ ፋራድ። ቤዙ 1.8 ቮልት አካባቢ፣ ኤሚተሩ 1.2፣ ኮሌክተሩ 4.5 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት። ማጉላቱ 3.7 እጥፍ፣ 11 ዴሲቤል ነው። መግቢያው ግን 75 ኪሎ ኦም አካባቢ ስለሆነ ከዚያ ላይ 3 ወይም 4 ዴሲቤል በጭነት ይሄዳል። 2ኤን5088 ወይም ቢሲ549ሲ ይሆነዋል፤ እግሮቹን ግን ልብ በሉ። ጠፍጣፋው ፊት ወደ እናንተ ሲሆን ከግራ ወደ ቀኝ 2ኤን5088 ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ነው፤ ቢሲ549ሲ ተገላቢጦሽ ነው። ተገልብጦ የተበየደ ትራንዚስተር አይሞትም፣ በደካማው ይሠራል፤ «ማካካሻው ምንም አልጨመረም» የሚባለውም ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

ቦታ ካለ ግን ኦፕ አምፕ (የማጉያ ቺፕ) ይበልጣል። ቲኤል071፣ መግቢያው በ10 ናኖ ፋራድ፣ ከዚያ በ1 ሜጋ ኦም ወደ ግማሽ ቮልቴጁ (4.5 ቮልት)፤ ከመውጫው ወደ ተቃራኒው መግቢያ 33 ኪሎ ኦም፣ ከተቃራኒው መግቢያ ወደ ግራውንድ 10 ኪሎ ኦም ከ1 ማይክሮ ፋራድ ጋር በተከታታይ። 4.3 እጥፍ፣ 12.7 ዴሲቤል ይሰጣል፤ 1 ሜጋ ኦሙም ቶኑን አይጭነውም። ግማሽ ቮልቴጁን ሁለት 10 ኪሎ ኦምና አንድ 47 ማይክሮ ፋራድ ይሰጣሉ። ቲኤል072 ከሆነ የተረፈውን ግማሽ ባዶ አትተዉት፤ መውጫውን ከተቃራኒ መግቢያው ጋር አገናኝታችሁ ሌላውን መግቢያ ግማሽ ቮልቴጁ ላይ እሰሩት።

ምንም ከመቀየራችሁ በፊት ድምፁ የት እንደሚጠፋ ለኩ። የቶኑን መግቢያ ሽቦ ከፈዙ ንቀሉና በስልክ የጆሮ ማዳመጫ መውጫ በኩል 200 ኸርዝ ሳይን ሞገድ ስጡት፤ መልቲሜትሩ መግቢያው ላይ 300 ሚሊ ቮልት እስኪያነብ ድረስ የስልኩን ድምፅ አስተካክሉ። 200 ኸርዝ የተመረጠው ብዙ ርካሽ መልቲሜትሮች በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ በትክክል ስለማያነቡ ነው። የቢግ መፍ ቶን መሐል ላይ ሆኖ ቮልዩሙ ሲነቀል 120 ሚሊ ቮልት አካባቢ ይነበባል። 250 ኪሎ ኦም ቮልዩም ሲገናኝ ወደ 105፣ 100 ኪሎ ኦም ሲሆን ወደ 90 ይወርዳል። ከ70 በታች ካገኛችሁ አንድ ክፍል ተሳስቷል፤ በብዛት የሚሳሳተው ቮልዩም ፖቱ ነው። ያለ ቮልዩም የተለካ ቶን ሁሌ ጤነኛ ይመስላል፤ ጭነቱ ሳይገናኝ ጭነት አይታይምና።

ማካካሻ ትራንዚስተር ከገባ በኋላ ፉጨት ከመጣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የመውጫው ሽቦ ከጊታር መግቢያው ሽቦ ጋር ተጠጋግቶ መሄዱ ነው። በሳጥኑ ሁለት ጎን አራርቋቸው፣ በኮሌክተርና በቤዝ መካከል 47 ወይም 100 ፒኮ ፋራድ ጨምሩ፣ ለማካካሻው የሚሄደውን 9 ቮልት በ100 ኦምና በ100 ማይክሮ ፋራድ አጣሩት። ባትሪ ሲደክም የሚጀምር ፉጨት በዚሁ የመጨረሻው ይጠፋል።

ጀርማኒየም ፒኤንፒ ትራንዚስተር (ከኤንፒኤን በተገላቢጦሽ ፖላሪቲ የሚሠራ) ባለበት ፔዳል ላይ ግራውንዱ ፖዘቲቭ ነው። ከላይ የተነገሩት ኤንፒኤን ማካካሻዎች እዚያ በቀጥታ አይገቡም፤ ወይ ፒኤንፒ ትራንዚስተር ተጠቅማችሁ ኤሌክትሮላይቲኮቹን አገላብጡ፣ ወይ በቲሲ1044ኤስ ቺፕ ኔጌቲቭ 9 ቮልት ሠርታችሁ ፈዙን በእሱ አሠሩ፣ ማካካሻውን ደግሞ በተለመደው 9 ቮልት። የሁለቱ ሬዚስተሮች ዘዴ ግን ፖላሪቲ አይመርጥም፤ 2.2 እና 6.8 ኪሎ ኦሙ እዚያም እንዳለ ይሠራል፣ የኮሌክተሩ ንባብ ብቻ ኔጌቲቭ 4.5 ይሆናል።